የማይቀላ እጅ

ሐኪሙ «እጅህን ስጠኝ» ሲለው ሙርሳል ግራውን ዘረጋ። አስቦበት ነው። በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ሰላምታ ይሰጣል፣ ሰው የሰጠውን በቀኙ ይቀበላል። ምንነቱ ካልታወቀ ነገር ፊት የሚቀርበው እጅ ግራው ቢሆን ይሻላል ብሎ ነው። ሐኪሙ ግራና ቀኝ አልለየም። አጥንቱ ይታይለት እንጂ ለእሱ እጅ ሁሉ አንድ ነው።

ዘመኑ አሥራ ስምንት መቶ ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ፣ ወርቅ በሚወጣበት አንድ ወንዝ ዳር፣ የፈረንጅ ኩባንያ ሰፍሮ ነበር። ሙርሳል የዚያው አገር ሰው ነው፤ በርታ ነው። እናቱ ወርቅ አጣቢ ነበረች። አዝላው ወንዝ ውስጥ ቆማ የእንጨት ገበታዋን ስታዞር፣ እሱ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ውሃው ሲሽከረከር እያየ አደገ። ጎረምሳ ሲሆን እንደ አባቶቹ ጉንጮቹን ሦስት ሦስት ቦታ በስለት ተበጣ። አላለቀሰም። አላለቀሰም መባሉንም ዕድሜ ልኩን አልረሳም። ከዚያ የነጋዴ አህያ እየነዳ ባምባሲ ድረስ ተመላለሰ፤ እዚያ ኦሮምኛም አማርኛም ለቃቀመ። ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ኩባንያው መጣ፤ እሱም ገብቶ ይቆፍር ጀመር።

ኩባንያው የሚፈራው የሚዋጥ ወርቅ ነበር። ሠራተኛው ከጉድጓድ ሲወጣ ጸጉሩ ይፈተሻል፣ አፉ ይከፈታል፣ የጆሮው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ሆዱን ግን ማን ያያል? የባቄላ ፍሬ የምታህል ወርቅ የዋጠ ሰው እንደ ጨዋ ሰላምታ ሰጥቶ ቤቱ ይገባል።

ስለዚህ የኩባንያው ሐኪም ከአገሩ መሣሪያ አስመጣ። ዛሬ ራጅ የምንለው ነው፤ ያኔ በዚያ አገር ስም አልነበረውም። እንደ ወፍጮ በእጅ የሚዘወሩ የብርጭቆ ሳህኖች፣ ከሳህኖቹ የሚወጣ ሽቦ፣ በሽቦው ጫፍ የጠጅ ብርሌ የምትመስል ብርጭቆ። መስኮት በሌለው፣ በጭቃ በተለሰነ የቀርከሃ ቤት ውስጥ አቆሙት። ሳህኖቹ ሲዞሩ ነገሩ ይንጣጣል፤ ቤቱ መብረቅ የመታው ዛፍ ይሸታል፤ ብርሌዋ አረንጓዴ ብርሃን ትተፋለች። ሰው በብርሌዋና በአንድ ሰሌዳ መካከል ሲቆም አጥንቱ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ሥጋው እንደ ጢስ ነው። ወርቅ ከዋጠ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ሆዱ ውስጥ ይቆማል።

ብርሌዋ ግን አመለኛ ነበረች። አንድ ቀን ትበረታለች፣ አንድ ቀን ትደክማለች፣ አየሩ ርጥበት ካለው ጭራሽ አትበራም። ሠራተኞቹ ከመሰለፋቸው በፊት የአንድ ሰው እጅ ፊቷ ይቀርባል። የጣቶቹ አጥንቶች ጥርት ብለው ከታዩ ብርሃኑ ደህና ነው። ካልታዩ ሐኪሙ ሽቦውን ሲያስጠጋ፣ ሲያርቅ፣ ዘዋሪውን ፍጠን ቀስ በል ሲል፣ እጁ እዚያው ይቆያል። ይህ የሙርሳል ሥራ ሆነ።

ጥሩ ሥራ ነበር። ከጉድጓድ ወጣ። ጀርባው ዐረፈ። እሱን ማንም አይፈትሸውም። ወገኖቹ ግን አልወደዱለትም። ጁምዓ የሚባል፣ ከእሱ ጋር አንድ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው፣ ሆዱ ውስጥ ጥቁር ጠብታ የታየ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት ተገርፎ ከሰፈሩ ተባረረ። ወርቁን ያየው ሐኪሙ ነው፤ ያስገረፈው የሰፈሩ አዛዥ ዋኘው ነው። ስም የወጣው ግን ለሙርሳል ነው። «አንጀት ቆጣሪው መጣ» ይሉት ጀመር። በመንገድ ሲያልፍ ሆዳቸውን በእጃቸው ይሸፍኑና ይስቃሉ። ሴቶቹ ሳይቀሩ።

«ያ ሙርሳል፣ ትናንት የበላሁት ባሚያ ወርዷል ወይስ እዚያው ነው?»

ሳቁን አብሮ ይስቅና አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ዋኘው የመንግሥትን ድርሻ ለመጠበቅ የተመደበ ነው። ከመተከል ደጋ የመጣ ክርስቲያን ነው፤ ጠመንጃ አይለየውም፤ ቀልድም አይለየውም። ሐኪሙ አዲስ አበባ ከርሞ የለቀማት የተሰባበረች አማርኛ አለችው። ሙርሳልም የባምባሲዋን የተሰባበረች አማርኛ ይዟል። ሁለቱ ሲነጋገሩ ዋኘው ቆሞ መስማት ይወድ ነበር።

ሐኪሙ ብርሃኑ ቆዳ እንደሚያቃጥል ያውቅ ነበር። መለኪያም ነበረው። ቆዳ ከቀላ በቃ ማለት ነው፤ ሰውየው ያርፋል፤ መቅላቱ ሲጠፋ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ በሌላውም አገር ከዚህ የተሻለ መለኪያ የያዘ ሐኪም ብዙ አልነበረም። በየዓርቡ ጠዋት የሙርሳልን እጅ ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ በማጉያ መነጽር ጀርባውን ያየዋል።

«ቀይ የለም። አንተ ደህና።»

«እኔ ደህና» ይላል ሙርሳል።

የሙርሳል እጅ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። እንዲህ ባለ ቆዳ ላይ ቀይ መፈለግ በጨለማ ቤት ጥላ መፈለግ ነው። ይህን ሐኪሙም፣ ዋኘውም፣ ሙርሳልም አላሰቡትም።

ሥራው ኅዳር ላይ ተጀመረ። ጥር ሲገባ እጁ ያሳክከው ጀመር። ከዚያ ማሳከኩ ወደ ሙቀት ተለወጠ። ፍም የጨበጠ ያህል ነው፤ ግን ፍም ይጣላል፣ ይህ አይጣልም። ጥፍሮቹ እንደ ደረቀ የማሽላ ቅጠል ይሰነጠቁ ጀመር። ለማንም አልነገረም። ለማን ይነግራል? «የሰው አንጀት የሚያይ እጅ መቃጠሉ ሲያንሰው ነው» እንደሚሉት ያውቃል። ደግሞስ ጉንጩን በስለት ሲበጡት ያላለቀሰ ሰው፣ ብርሃን ነካኝ ብሎ ያለቅሳል? ሆድ ይፍጀው አለ።

ሚስቱን ሰዕዲያን ግን መደበቅ አልቻለም። አንድ ቀን እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ አገኘችው። ያዘችው።

«ይኼ እኮ እሳት ነው! ልብስ የማሰጣበት ድንጋይ እንኳ እንዲህ አይግልም። ሒና ላድርግልህ፤ ያበርዳል።»

«ሙሽራ ነኝ እንዴ?»

«ማን ሙሽራ አለህ? ሙሽራማ ባልጠላሁ! ዝም ብለህ እጅህን አምጣ።»

በበርታ አገር ወንድ እጁን ሒና የሚቀባው ሲያገባ ነው። በዚህ ዕድሜው ቢታይ መሳቂያ ነው። ቢሆንም እጁን ሰጣት። ወፍራም አድርጋ መዳፉንም ጀርባውንም ለቀለቀችው፤ በጨርቅ አሰረችለት። አበረደለት። በነጋታው ዓርብ ነበር። ጨርቁን ሲፈታ እጁ ጀርባው ላይ ጠይም ቀይ፣ መዳፉና ጥፍሩ ላይ ደግሞ እንደ በሰለ በርበሬ ሆኖ ወጣ። ለመታጠብ ሞከረ። ሒና በውሃ አይለቅም።

ሐኪሙ እጁን ፀሐይ ላይ ገልብጦ እንዳየ ጮኸ።

«ቀይ!»

የተቆጣ አይመስልም ነበር። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስል ነበር። መለኪያው ሠርቷል።

«በቃ። ዕረፍት። ሌላ ሰው። ማን?»

ሙርሳል ሒና መሆኑን ሊናገር አፉን ከፈተ። ዋኘው የዚያን ዕለት አሶሳ ወርዶ ነበር፤ ቀለሙን ዐውቆ የሚስቅበት ሰው በአጠገቡ የለም። እጁ ደግሞ እውነት ያቃጥለዋል። ዕረፍቱ እውነት ይገባዋል። ቀዩ ውሸት ቢሆን እሳቱ ውሸት አይደለም። አፉን ዘጋ።

«ማን?» አለ ሐኪሙ እንደገና።

«ሐመድ» አለ ሙርሳል።

ሐመድ የሰዕዲያ ታናሽ ወንድም ነው። ኢቲዳል የምትባል ልጅ ካገባ ገና አንድ ዝናብ አላለፈም፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጎኑ ላይ አፈር ተንዶበት ከሞት ተርፏል። ሰዕዲያ «ወንድሜን ከዚያ ጉድጓድ አውጣልኝ» ስትለው ከርማለች። ሥራው ለሌላ ወገን ከሚሄድ ለዘመድ ቢሆን ይሻላል። እጄ እስኪሽር ጥቂት ቀን ነው፤ ጥቂት ቀን ማንንም አይጎዳም። ሙርሳል ለራሱ ይህን ሁሉ ነገረው። ሲነግረው ግን የሐመድን ፊት እያየ አልነበረም።

ሐመድ ሲጠራ ልብሱን አራግፎ እየሳቀ መጣ። ሙርሳልን አቅፎ ሳመው።

«ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። እህቴ ለዚህ ነው ለካ አንተን የመረጠችው።»

ሐኪሙ «እጅህን ስጠኝ» አለው። ሐመድ ቀኙን ሰጠ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ለትልቅ ሰው ግራ እጅ አይዘረጋም።

ሙርሳል አጠገቡ ቆሞ ነበር። «ግራህን» ማለት አንድ ቃል ነው። ግን ሐመድ «ለምን?» ይላል። ለምን ለሚለው ደግሞ መልሱ ያልተነገረው ነገር ሁሉ ነው። ሳህኖቹ መዞር ጀመሩ። የሐመድ ቀኝ እጅ አጥንቶች ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ወጡ፤ ረጃጅምና ቀጥ ያሉ፣ የወጣት አጥንቶች። ሐመድ አየውና እንደ ሕፃን ሳቀ።

ዋኘው ከአሶሳ የተመለሰው የሒናው ቀለም ሲገረጣ ነው። ሙርሳል ለዓርቡ ምርመራ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ የሚፈተሹት ሠራተኞች ደግሞ በረድፍ ቁጭ ብለዋል። ሐኪሙ «ትንሽ ቀይ አለ። ገና ነው» ሲል ዋኘው አንገቱን አሰገገ። እጁን አየ። መዳፉን አየ። የጥፍሮቹን ጫፍ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኧረ ጉድ! ይኼማ እንሶስላ ነው! ሙርሳል ሙሽራው! ምነው ሳትጠራን ደገስክ?»

«እንሶስላ ምን?» አለ ሐኪሙ።

«ቀለም ነው ጌታው። ሴቶች ለሠርግ ይሞቁታል። የእኛዎቹም ይሞቁታል። ይኼ ሰውዬ ሥራ ሰልችቶት እጁን ቀብቶ አሞኝቶሃል።»

የተቀመጡት ሰዎች አማርኛው ያልገባቸው እንኳ ነገሩ ገባቸው። አንዱ በአፉ እልል አለ፤ ሌላው የሠርግ ጭብጨባ ጀመረ። ሐኪሙ ደም መሰለ። እሱ ሲቀላ ይታያል።

«ቀለም ነው? ተናገር። ቀለም?»

ሙርሳል መሬት መሬቱን እያየ «ቀለም» አለ።

«ዋሸኸኝ።»

«አዎ ጌታዬ።»

ከቀለሙ ሥር ምን እንዳለ መናገር ይችል ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰው እያሳቀ በቆመበት፣ እጄን አመመኝ ቢል ምን ሊባል ነው? ውሸታም መባል ይቀል ነበር። ሐኪሙ ወደ ጉድጓድ መለሰው፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮም የተቀባ እጅ ይዞ የመጣ ሰው አጭበርባሪ ነው ብሎ ዐወጀ። ሐመድ ሥራው ላይ ቀረ።

ሙርሳል በአንድ እጁ ይቆፍር ጀመር። ግራው አካፋ አይጨብጥም። ሲጠይቁት «ወገቤን ነው» ይላል።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሐመድ ወደ ቤቱ መጣ። ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆሞ፣ እህቱ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ያ አኹይ፣ ያንተም እጅ እንዲህ ይሞቅ ነበር?»

«ትንሽ» አለ ሙርሳል።

«ትንሽ አይደለም የኔ።»

«ይለመዳል።»

ሐመድ ፊቱ ፈካ። «እኔስ ሐኪሙ ጋ ልሄድ ነበር። አላህ ያሳይህ፣ ሁለተኛው ሙሽራ ስባል!» ብሎ ሳቀና ሄደ። ሙርሳል አጥሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ይለመዳል ያለው እጅ በዚያች ሰዓት ጨርቅ ውስጥ እየመገለ ነበር።

ኢቲዳል ባሏ እንቅልፍ ሲያጣ ከሰዕዲያ ምክር ጠየቀች። ሰዕዲያም የምታውቀውን ነገረቻት፤ ሒና ያበርዳል። ሐመድም ማቃጠሉ ከሳቁ ስለባሰበት ተቀባ፤ በሚቀጥለው ዓርብ ሐኪሙ ፊት ቀይ እጅ ይዞ ቆመ። ሐኪሙ ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ እንኳ አላወጣም።

«አንተም?» አለ። «ግባ። ሥራ።»

ሐመድም ገባ።

ሙርሳልን የሰበረው ከዚያ በኋላ በነበረው ዓርብ ያየው ነገር ነው። ወንዶቹ ለጁምዓ ሶላት ወንዝ ዳር እየታጠቡ ዉዱእ እያደረጉ ነበር። ሐመድ ከእሱ ወደ ታች በኩል፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ሰው አፉን የሚጉመጠመጠው በቀኝ እጁ ውሃ ዘግኖ ነው። ሐመድ በቀኙ ሞከረ። ጣቶቹ አልታጠፉም፤ ውሃው ፈሰሰ። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ግራና ቀኙን ሰረቅ አድርጎ አየና፣ ማንም እንዳላየው ሲያውቅ፣ በግራው ዘግኖ አፉ ውስጥ አደረገ።

ሙርሳል አየው። በዚያ እጅ ነው የሚበላው። በዚያ እጅ ነው ሚስቱን የሚያጎርሰው፣ በዚያ እጅ ነው የሚቆፍረው፣ ሰው ፊት የሚዘረጋው። እሱ ግራውን ሲመርጥ ለራሱ አስቦ ነበር።

ሶላቱን እንዴት እንደሰገደ አያውቅም። ሲጨርስ ወንዝ ወርዶ ግራ እጁን በአሸዋና በአመድ ፈተገው፤ የቀረው የሒና ጥላ እስኪጠፋ ድረስ ጥርሱን ነክሶ ፈተገው። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጨለማው ቤት ሄደ። ሥራ ሊፈታ ነው፤ ሠራተኞቹ ለፍተሻ ተሰልፈዋል፤ ሐመድ ውስጥ ብርሌዋ ፊት ቆሟል። ሐኪሙ የቆዳ ጓንቱን አድርጎ ደጃፉ ላይ ነበር። ዋኘው ከጎኑ ቆሟል።

«ምን ፈለግህ?» አለ ሐኪሙ።

«እጅ ላሳይ።»

«እጅህን አይቻለሁ። ቀለም።»

«ዛሬስ ምን ተቀብተህ መጣህ ሙሽራው?» አለ ዋኘው። ሰልፉ ሳቀ።

«ቀለም ታጥቧል። እይ።»

ጨርቁን ፈታው። የመጨረሻው ዙር ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ከጨርቁ ጋር ሁለት ጥፍር ተነሣ። ሽታው ሰልፉ ድረስ ሄደ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከፊት የቆሙት ሰዎች ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሙርሳል ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የሁሉንም ሆድ ዕቃ አይቷል፤ አሁን እነሱ የእሱን ያያሉ።

ሐኪሙ ማጉያ መነጽሩን አወጣ። በልማዱ የእጁን ጀርባ አየ። «ቀይ የለ…» ብሎ ቃሉን አልጨረሰውም። እጁን ገለበጠው። በጣቶቹ መካከል፣ ቆዳው በሚሳሳበት ቦታ፣ ሥጋው ተከፍቷል። ጫን ሲለው ውሃ ወጣ። ከዚያ ሳጥን ላይ ተቀምጦ የራሱን ጓንት አወለቀ። ለምን እንዳወለቀው ምናልባት እሱም አላወቀውም። ሁለት ጣቶቹ በፋሻ ታስረዋል፤ የቀሩት የተላጡ ናቸው።

«በእመብርሃን!» አለ ዋኘው። «ሁለታችሁም?»

ሐኪሙ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

«ለምን አልተናገርክም?» አለ ሙርሳልን።

«አፈርሁ።»

«ምን?»

«እኔ አፈረ። ሰው ሳቀ፣ እኔ አፈረ። አሁን እኔን ተወኝ ጌታዬ። ሐመድ አውጣ። ሐመድ እጅ ቀኝ ነው። እሱም እሳት አለ። ቀለም ውሸት ነው፣ እሳት ውሸት አይደለም።»

ሐመድ ድምፁን ሰምቶ ከጨለማው ቤት ወጥቶ ነበር። ፀሐዩ ዐይኑን ስለወጋው በክንዱ ከልሎ የሙርሳልን እጅ አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ሙርሳል በበርታ ቋንቋ ተናገረው፤ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ሆኖ።

«ይለመዳል ብዬህ ነበር። አይለመድም።»

«ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስትጠራኝስ? ያኔ ስስምህ?»

«ያኔም።»

ሐመድ አልጮኸም። «የዚህን ሁሉ ሰው አንጀት ስታይ ከርመህ፣ ያንተ የት ገብቶ ነው?» አለው። ሰልፉን ሰንጥቆ ወደ ቤቱ ሄደ። መንገድ ለቀቁለት።

ሐኪሙ ለዋኘው ሠራተኞቹን እንዲያሰናብት ነገረው። ዋኘው ግን የመንግሥት ድርሻ አለበት፤ ፍተሻ ከቀረ ተጠያቂው እሱ ነው። ተናደደ።

«እና ከነገ ጀምሮ የማንን እጅ ልታቀርብ ነው? የኔን? የታረደ ፍየል እግር አንጠልጥልበት እንጂ! እሱ እንደሆን አይቃጠል፣ አያኮርፍ!»

ለቀልድ ነው ያለው። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «የፍየል እግር» አለ ቀስ ብሎ። «አጥንት አለው።» በማግሥቱ የደረቀ የፍየል እግር በእንጨት ላይ ተቸንክሮ ብርሌዋ ፊት ቆመ። አጥንቱ እንደ ሰው አጥንት ጥርት ብሎ ታየ። ከዚያም ዘዋሪው ብርሃኑን ከሚያግድ የእርሳስ ብረት ግርዶሽ ጀርባ እንዲቆም፣ ማንም ሰው ብርሌዋ ፊት ሆዱ ከሚታይበት ጊዜ በላይ እንዳይቆይ ታዘዘ። ይህን ሁሉ ኅዳር ላይ ማድረግ ይቻል ነበር። ፍየል ኅዳርም ነበር።

ዝናቡ ሲገባ ብርሌዋ አልበራ አለች፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ሐኪሙ የሙርሳልን ሁለት ጣቶች ቆረጠ። የሐመድ እጅ ዳነ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ደረቀ። ይቆፍራል፣ ይበላል። ከሙርሳል ጋር ግን ከአንድ ገበታ አልቀረበም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቀድሞ ሰላም ይላል፤ እጁን አይዘረጋም። ሰዕዲያ ባሏን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችው፤ «ወንድሜን አውጣልኝ ስልህ፣ ወዴት መሰለህ?» ደግማ አልጠየቀችም፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ ይዛ አብራው ኖረች።

ሙርሳል ወደ እናቱ ሥራ ተመለሰ። ወንዝ ውስጥ ቆሞ፣ ገበታውን በቀኙና በቀሩት ጣቶቹ ይዞ ያጥባል። ያገኛትን ወርቅ በአሞራ ላባ ባዶ አገዳ ውስጥ ሞልቶ በመንጌ ገበያ በጨው ይለውጣል። በአንድ የገበያ ቀን ከሱዳን በኩል የመጣ ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ ተቀምጦ የሙርሳልን እጅ ልብ አለ። በደርቡሾች ጊዜ የሌባ እጅ ይቆረጥ እንደነበር በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ያ ሸይኽ፣» አለ ነጋዴው ለጎረቤቶቹ እየጠቀሰ፣ «የሌባ እጅ የሚቆረጠው ቀኙ ነው። አንተ በግራህ ነበር እንዴ የምትሰርቀው?»

ገበያተኞቹ ዘወር አሉ። ሰዕዲያ ቅርጫቷን ፊቷ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀምጣለች። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

«አዎ» አለ ሙርሳል። «በግራዬ ነበር።»

ነጋዴው እየሳቀ ጨዉን መዘነለት። ሰዕዲያ ቀና ብላ ነጋዴውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ቅርጫቷ ውስጥ ያለውን ባሚያ ትለቅም ጀመር። አላረመችውም።